በዋናው በር

ጥቅምት 3

ይድረስ ለምወድዎት እትዬ፣

እንደምን ሰነበቱ? ዓይንዎ እንዴት ነው? እኛ ሁላችንም ደህና ነን።

ለምን በስልክ አታናግሪኝም ላሉት፣ ተቀይሜ አይደለም። እታለም ወጥ እያማሰለች ስልኩን ጆሮዬ ላይ ስትለጥፍልኝ ድምፄ ይጠፋል። እርስዎ ደግሞ «ሃሎ? ሃሎ?» ሲሉ ይብስብኛል። ወረቀት ግን ሃሎ አይልም። ስለዚህ በሰፈራችን የሚያልፈውን የአውቶቡስ ሾፌር ለመንኩት፤ ሳይወርድ ተቀብሎ ለሆስፒታሉ ዘበኛ እሰጥልሻለሁ ብሎኛል። ታምሜ ትምህርቱን ከስድስተኛ ክፍል ስለተውኩት፣ ፊደል ብስት ይለፉኝ።

የጠዋቱን መድኃኒት ማን ያስውጣቸዋል ላሉኝ፣ እኔ ነኝ። እርስዎ እንዳስለመዱን መጋረጃውን ዘግተን አግዳሚው ላይ እንደረደራለን። ሁሉም ኪኒኑን መዳፉ ላይ ይይዛል፤ ሦስት ሲባል በአንድ ጊዜ እንውጣለን። ችግሩ ቆጠራው ነው። ጥያቄ «አልሰማንም! ሁለት ነው ሦስት?» እያለ ያስቸግረኛል። ስሙን ጥያቄ ብለው ያወጡለት እርስዎ ነዎት፤ እርስዎ ሲሄዱ መልሱ ሁሉ እኔ ላይ ወደቀ።

ሁለተኛው ችግር አተሩ ነው። እርስዎ ቫይረሱ ሳይኖርብዎት፣ ልጆቹ ብቻቸውን የሚውጡ እንዳይመስላቸው ብለው አንድ ፍሬ አተር አብረውን ይውጡ ነበር። አሁን ትንሿ ሚጢጢ በየጠዋቱ «የእትዬን አተር ማን ይዋጠው?» እያለች አፏን አትከፍትም። እኔ እንዳልውጠው የራሴ ኪኒን ስላለኝ አይቆጠርም ትላለች። እታለምን ብለምናት «የተቀጠርኩት ምግብ ላበስል ነው እንጂ ጥሬ አተር ሊያንቀኝ አይደለም» አለችኝ።

ትናንት ደግሞ ሚጢጢ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ፀጉሯ ዱቄት ብቻ ሆኖ የሸበተች አሮጊት መሰለች። ጥያቄ «እማማ፣ እጅዎን ይዤ ላሻግርዎት?» ብሏት እየተሳሳቅን ገባን።

አከራይዋ እንዴት ናት ብለዋል። ደህና ናት። ሱቋም ደህና ነው። ሌላ አዲስ ነገር የለም።

ልጅዎ ዝምታ


ጥቅምት 9

ለልጄ ለዝምታ፣

እጅ ጽሑፉ የኔ አለመሆኑን አይተሻል። ሁለቱንም ዓይኔን አስረውብኛል። የምትጽፍልኝ ከጎኔ አልጋ ያሉትን እናቷን የምታስታምም ልጅ ናት፤ ያንቺንም ደብዳቤ ያነበበችልኝ እሷው ናት። እጇ ያምራል፣ አንደበቷ ግን ዕረፍት አያውቅም። (ጸሐፊዋ ነኝ። ይህንንም ጻፊ ብለውኝ ነው።)

አሁን ስሚኝ። ዓይኔ ቢታሰር ጆሮዬ አልታሰረም። ዱቄቱ ከየት መጣ? ከቤታችን እስከ ትምህርት ቤቱ በዋናው መንገድ ላይ ልብስ ሰፊው አለ፣ ፀጉር ቤቱ አለ፣ ጎሚስታው አለ። ወፍጮ ቤት የለም። ወፍጮ ቤቱ ያለው በጓሮ በር ወጥተሽ፣ ቦዩን ተሻግረሽ ነው። የጓሮውን በር ደግሞ ቆሻሻ ልንደፋ ካልሆነ ከፍተነው አናውቅም። ልጆቼ በየት ነው የሚወጡት?

እታለምን በስልክ ስጠይቃት «ሁሉ ሰላም ነው» ትለኛለች። እሷ ሁሉ ሰላም ነው ካለች የሆነ ነገር አርሯል ማለት ነው።

አንቺም «አከራይዋ ደህና ናት፣ ሱቋም ደህና ነው» ብለሽኛል። ስለ ሱቋ ማን ጠየቀሽ?

ስለ ዓይኔ አታስቢ። ሐኪሙ ደህና ነው ይላል። እውነቱን ጻፊልኝ።

እትዬሽ


ጥቅምት 13

ይድረስ ለእትዬ፣

አስቀድሜ፣ የሚያነብልዎት ሌላ ሰው መሆኑን ባውቅ ኖሮ ስለ መድኃኒታችን አልጽፍም ነበር። ደብዳቤዎ የደረሰኝ ዕለት ፊቴ እስከ ጆሮዬ ድረስ ጋለ። ስንት ሰው ሰማው? አንባቢዋ ምን አለች? እናቷስ? አሁን ግን አንዴ ፈሷል፤ ስለዚህ ሳልደብቅ እጽፋለሁ።

እርስዎ በሄዱ በሳምንቱ አከራይዋ ዋናውን በር በሰንሰለት ቆለፈችው። «እኔ ክፉ ሰው አይደለሁም፣» አለች። «ግን እነዚህ ልጆች በሱቄ በር ላይ ተሰልፈው ባለፉ ቁጥር ደንበኛ ይሸሸኛል። ዳቦ እኮ ነው የምሸጠው። በጓሮ ይውጡ። እምቢ ካላችሁ ወሩ ሲያልቅ ቤቴን ልቀቁልኝ።» እታለም «እሺ እመቤቴ» አለች። እኔ አጠገቧ ነበርኩ፤ ልብስ ማስጫ ገመዱን ይዤ እንደ ልብስ ተንጠልጥዬ ቀረሁ።

ቦዩን የምንሻገረው በሳንቃ ነው። ሳንቃው ጠባብ ስለሆነ ትንንሾቹን አንድ በአንድ አሻግራለሁ። ቀጥሎ የወፍጮ ቤቱ ውሻ አለ። ከውሻው ቀጥሎ ደግሞ ዱቄቱ በግድግዳው ቀዳዳ ይቦንና ዩኒፎርማቸው ላይ ያርፋል። ክፍል ሲገቡ «የወፍጮ ቤት አይጦች መጡ» ይሏቸዋል።

ከዱቄቱም ከውሻውም በላይ ያቃጠለኝ ሌላ ነው። ሰኞ ዕለት ሳንቃው ላይ እጁን ይዤው እያለ ጥያቄ ቆመና «ትልቋ፣ በጓሮ የሚወጣው ቆሻሻ ነው አይደል?» አለኝ።

«ተራመድ፣ ትወድቃለህ» አልኩት።

እትዬ፣ ምን ላድርግ?

ዝምታ


ጥቅምት 19

ለዝምታዬ፣

ደብዳቤሽ ሲነበብልኝ ከአልጋዬ ልነሳ ስል ነርሷ ተቆጥታ መልሳ አስተኛችኝ።

ልጄ፣ ያንን ቤት ለማግኘት ስንት በር እንዳንኳኳሁ አንቺ ታውቂያለሽ። አብረሽኝ ነበርሽ። «የምን ልጆች ናቸው?» ይሉኛል፤ እውነቱን ስነግራቸው ቤቱ እዚያው በቆምኩበት ለሌላ ሰው ይከራያል። አንዷማ የተቀመጥኩበትን ወንበር ስነሳ በጨርቅ ጠረገችው። ይህቺ አከራያችን ግን ሰምታ እሺ ያለች ብቸኛ ሰው ናት።

ስለዚህ እኔ እስክመለስ በጓሮ ውጡ። ከማንም ጋር አፍ እንዳትካፈቱ። ሜዳ ላይ ከመውደቅ ጓሮ ይሻላል። ሳንቃውን ልብስ ሰፊው በምስማር እንዲያጠብቅላችሁ ንገሪው። ውሻውን አትሽሹት፣ ቀስ ብላችሁ እለፉት።

ይኸው ነው። ታዘዢኝ።

እትዬሽ

(ጸሐፊዋ ነኝ። ይህን ያዘዘኝ የለም። ሲያስጽፉኝ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ነበር። ስለ እኔ ለጠየቅሽው ደግሞ፣ የሰማነው እኔና እናቴ ብቻ ነን። እናቴ «ያቺ ልጅ ስም አወጣጥ ተበድላለች፤ የቱ ላይ ነው ዝምታዋ?» ብላለች። እኔም እንደዚያው ነው የምለው። ደብዳቤሽ ሲዘገይ ሾፌሩን መስኮት ላይ ቆሜ የምጠብቀው እኔ ነኝ።)


ጥቅምት 23

ይድረስ ለእትዬ፣

ይቅርታ ያድርጉልኝ። አልታዘዝዎትም።

ይህን ቃል ጽፌ ሦስቴ ሰረዝኩት፤ በመጨረሻ አዲስ ወረቀት አውጥቼ መልሼ ጻፍኩት። ከሞት ያተረፉኝ እርስዎ ነዎት። ሌላ ጊዜ «ሂጂ» ቢሉኝ እሄዳለሁ፣ «ዝለዪ» ቢሉኝ እዘላለሁ። ግን ጓሮ ይሻላል ያሉኝ እርስዎ አይመስሉኝም። ሕመምዎ ነው ያናገረዎት። እኔ የማውቃት እትዬ፣ ክሊኒኩ ውስጥ የሚጢጢን ካርድ በሁለት ጣቱ ጫፍ አንጠልጥሎ የሰጣትን ሰውዬ፣ «ሙሉ እጅህን አልፈጠረልህም?» ብላ መልሳ ያስያዘችው ናት።

አንድ ነገር ላስቸግርዎት። መድኃኒት ስንውጥ መጋረጃውን የምንዘጋው ለምንድን ነው? ድሮ አስቤው አላውቅም። አሁን ግን በየጠዋቱ እሱን ስስበው እጄ ይከብደኛል። ኪኒኑ እኮ በሕይወት ያቆመን ነው። ሚጢጢ ስትመጣ በእቅፍ ነበር፤ ዛሬ ሳንቃ ላይ ሮጣ ትቀድመኛለች። ይህ የሚያሳፍር ነገር ነው?

ነገ ጠዋት መድኃኒታችንን የምንውጠው ዋናው በር ላይ ነው። ሰንሰለቱ መውጣት ቢከለክለንም በሩ ፍርግርግ ስለሆነ መታየት አይከለክለንም።

ልጆቹን አንድ በአንድ ጠይቄያቸዋለሁ። ሰው እንደሚያየን፣ ምን ሊሉን እንደሚችሉም ሳልደብቅ ነገርኳቸው። ሁለቱ ትልልቆቹ ወንዶች «እኛ ይቅርብን፣ የክፍል ልጆች ያዩናል» አሉ። ልክ ናቸው። ከእታለም ጋር ውስጥ ይውጣሉ፤ ማንም አንዲት ቃል እንዳይናገራቸው አስጠንቅቄያለሁ። ሚጢጢ «አተሩስ ይመጣል?» አለች። ይመጣል አልኳት። ማን እንደሚውጠው ግን አላውቅም።

ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ ነገሩ አልፏል፤ ሊከለክሉኝ አይችሉም። ፈርቻለሁ።

ዝምታ


ጥቅምት 25

ይድረስ ለእትዬ፣

ሾፌሩ «ምን አድርጋ ነው? ቶሎ ትጻፍልኝ» ማለትዎን ነገረኝ። ይኸው።

ትናንት ጠዋት በትምህርት ቤት መሄጃ ሰዓት አግዳሚውን ተሸክመን አውጥተን ፍርግርጉ ፊት አኖርነው። ሁሉም ዩኒፎርሙን ለብሶ፣ ቦርሳውን አዝሎ፣ ኪኒኑን መዳፉ ላይ ይዞ ተቀመጠ። መንገዱ ተማሪ ብቻ ነበር። እኔ «አንድ» አልኩ። ማንም አልሰማኝም። ሞተር ብስክሌት አለፈ። እንደገና «አንድ» አልኩ። ጥያቄ «ኧረ ጮክ በይ ትልቋ፣ እየቀለጠብኝ ነው!» አለ። ያኔ ዓይኔን ጨፍኜ «አንድ!» ብዬ ስጮህ፣ እውነቴን ነው፣ ማን ነው የጮኸው ብዬ ዞር አልኩ።

አከራይዋ ከሱቋ ወጣች። ቢላዋዋን እንደያዘች ነው፣ ዳቦ እየቆረጠች ነበር።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«መድኃኒታችንን እየዋጥን ነው።»

«ውስጥ አትውጡትም?»

«ውስጥ ውጠን በጓሮ ስንሾልክ ሰው የሌለብንን ሁሉ ይጨምርብናል። ያለብንን ይወቀው። ቫይረሱ ደማችን ውስጥ ነው ያለው፤ በበርዎ ስናልፍ ዘሎ ዳቦዎ ላይ አይወጣም። በሩ እስኪከፈት ከዚህ አንነሳም።»

ይህን ሁሉ ያልኩት እኔ ነኝ። ጥያቄን ይጠይቁት፣ ምስክሬ ነው። እሱ ግን «እኔማ ምሳ ዕቃዬንም ይዣለሁ» የሚለውን ጨመረበት።

ሰው ቆመ። አንዲት ሴትዮ የልጇን እጅ ጎትታ ወደ ማዶ ተሻገረች። አንድ ጎረምሳ ሳቀ። ሁለቱንም የምጽፍልዎት ሁሉ እልል አለልን ብዬ እንዳልዋሽዎት ነው። ሚጢጢ ደግሞ በዚያ ሁሉ ሰው መሃል አፏን ጥርቅም አድርጋ «አተሩን ማን ይዋጠው?» ብላ ማልቀስ ጀመረች።

ያኔ ልብስ ሰፊው ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ መንገዱን አቋርጦ መጣ። «ምንድን ነው የምትለው ይቺ ልጅ?»

«አብሮን የሚውጥ ሰው ትፈልጋለች፣ ጋሼ።»

እጁን በፍርግርጉ አስገባ። «አምጪው።»

እኔ «ሁለት!» አልኩ። ከዚያ «ሦስት!»

ሁላችንም ዋጥን። እሱም ዋጠ። ዓይኑ እስኪያነባ ካሳለ በኋላ «ለመሆኑ ምንድን ነው የዋጥኩት?» አለ።

«አተር» አለችው ሚጢጢ።

«ጥሬውን?»

መንገዱ በሙሉ ሳቀ። ሴትዮዋ ብቻ፣ ማዶ የተሻገረችው፣ አልሳቀችም፤ አልሄደችም ግን። ልጇ ከጀርባዋ ብቅ እያለ ያየን ነበር።

ከዚያ በኋላ ስለሆነው ጥያቄ ያጫውትዎታል፤ ከአሁኑ ከሆነው በላይ አድርጎ ለሰፈሩ እያወራ ነው። እኔ የምለው ይህን ብቻ ነው፤ ትምህርት ቤት አርፍደን ደረስን፣ የደረስነው ግን በዋናው መንገድ ነው። ማንም ላይ ዱቄት አልነበረም።

አከራይዋ ያ ሁሉ ሰው ሱቋ ፊት ቆሞ እያያት ሰንሰለቱን ስትፈታ ቀና ብላ አላየችኝም። «ወሩ ሲያልቅ እንተያያለን» አለችኝ። እንተያይ። ሰንሰለቱን መሬት ላይ ጥላው ገባች። እታለም አንስታ የውኃ ባልዲውን አሰረችበት።

ዛሬ ጠዋትም መጋረጃውን አልዘጋነውም። ሁለቱ ትልልቆቹ ከመስኮቱ ራቅ ብለው ተቀመጡ፤ ዝም አልናቸው። አተሩን ላነሳ ስል እታለም ከእጄ ነጠቀችኝ። «ልብስ ሰፊ የዋጠው እኔን ያንቀኛል እንዴ?» አለች። አነቃት። ግን ዋጠችው።

ቤቱን ካስወሰድኩብዎት ጥፋቱ የኔ ነው። ቢሆንም አልጸጸትም።

ዝምታ


ኅዳር 2

ለልጄ፣

ዛሬ የጻፍኩት ራሴ ነኝ። መስመሩ ቢወጣ ቢገባ፣ ፊደሉ እንደ ልጅ ፊደል ቢገዝፍ ታገሺኝ።

መጀመሪያ ተቆጣሁ። ምግብ አልበላም ብዬ አስታማሚዋን ሳንገላታት ዋልኩ። ለራሴ «ይህቺ ልጅ ሜዳ ላይ ጣለችን» አልኩ። ማታ ላይ ግን ያንን ደብዳቤ ደግመሽ አንብቢልኝ አልኳት፤ አተሩ ጋ ስትደርስ ሳቄ አመለጠኝ። በማግስቱ ክፍሉ ሙሉ እየሰማ አስነበብኩት። አዎ፣ ክፍሉ ሙሉ። አንቺን ሳልጠይቅ ነው፤ ዘንድሮ የያዝኩት አንቺን መምሰል ነው። ጥግ ላይ የተኛች አንዲት ሴት፣ ከመጣች ጀምሮ ቃል ተንፍሳ የማታውቅ፣ ሌሎቹ ሲተኙ ተነስታ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠችና «እኔም መድኃኒቱን እወስዳለሁ» አለችኝ። እጄን ይዛ ቆየች።

እኔም ያልነገርኩሽ አለ። ግራ ዓይኔ አልዳነም። ሐኪሙ የነገረኝ ፋሻውን ሲፈታ ሳይሆን ገና ዱሮ ነው፣ በጓሮ ውጡ ብዬ ከመጻፌ በፊት። ያን ቀን የታየኝ ግማሽ ዕውር ሆኜ ቤት ፍለጋ በር ለበር ስዞር ነው። ፈራሁ። ፍርሃቴንም ትእዛዝ አስመስዬ ላኩልሽ። አለመታዘዝሽ ልክ ነበር። ይህን ደግሞ የትም እንዳትሰርዢው።

ቤቱን ልቀቁ ከተባልን እንለቃለን። ስንለቅ ግን አልጋዎቻችንን ተሸክመን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በሱቋ ፊት ነው። ከዚያ ደግሞ እንፈልጋለን። በር ለማንኳኳት እጅ እንጂ ዓይን አያስፈልግም።

ሐሙስ እወጣለሁ። ሾፌሩ «ዋናው መንገድ ላይ ሰው ይበዛል፤ ዓይንዎም እንዲህ ሆኖ እንዳይገፉዎት፣ በወፍጮ ቤቱ በኩል ዞሬ ጓሮ በሩ ላይ ላውርድዎት» ይለኛል። ለደግነቱ ነው። ምን ልበለው?

እትዬሽ


ኅዳር 4

ይድረስ ለእትዬ፣

ስለ ግራ ዓይንዎ ያነበብኩት ከልጆቹ ተደብቄ ልብስ ማስጫው ጋ ሄጄ ነው። አልቅሼ ስጨርስ ጥያቄ ከአንሶላው ኋላ ብቅ አለ። ሁሉንም ነገርኩት። «አንዱ ያያል አይደል?» አለኝ። ያያል አልኩት። «እኛ የምንፈልገው እንዲያየን ነው። ለእሱ አንዱ ይበቃል» ብሎኝ ሄደ። እንደሚያዩት፣ መልስም ጀምሯል።

ስለ አከራይዋ ደግሞ፤ ወሩ ካለቀ ይኸው ቀናት ሆነው። ትናንት መጥታ በሩ ላይ ቆመች። እታለም ማማሰያዋን ይዛ ወጣች፤ እኔም ወጣሁ። አከራይዋ ግቢውን፣ የተሰጣውን ልብስ፣ ልጆቹን አንድ ባንድ አየች። እኔ የምመልሰውን ሁሉ ሌሊቱን ስደረድር ስላደርኩ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። እሷ ግን «ሰንሰለቴስ?» አለች።

«ባልዲው ላይ ነው» አለች እታለም። «ልፍታልሽ?»

አከራይዋ ባልዲውን አየችው። «ተዪው» አለች። «ከእትዬአችሁ ጋር እነጋገራለሁ።» ይህንን ብላ ሄደች። ልቀቁ አላለች፣ ኑሩም አላለች። የተለማመድኩት መልስ ሁሉ ከነሙቀቱ አለ፤ ለእርስዎ አስቀምጬዋለሁ።

ያቺን ጥግ ላይ ያለችዋን ሴት ሰላም ይበሉልኝ። ስሟን አልጠይቅም። አንባቢዬን ደግሞ፣ እርስዎ ሲወጡ ደብዳቤው ይቀርብኛል ብላ እንዳታዝን፣ ለእሷም እጽፍላታለሁ ይበሉልኝ።

ለሾፌሩ ምን ልበለው ላሉት፣ እምቢ ይበሉት። በጓሮ በር የሚገባ ሰው እኛ ቤት የለም። ልብስ ሰፊው ፊት ለፊት ያቁምልዎት። ሰው ይበዛል ላለው፣ ይብዛ። ሐሙስ ጠዋት አግዳሚውን ፍርግርጉ ፊት እናወጣዋለን፤ እርስዎ እስኪደርሱ ማንም ኪኒኑን አይውጥም፤ አተርዎም ሚጢጢ መዳፍ ውስጥ ነው፣ ከዛሬ ጀምራ ይዛዋለች። እታለም «በእጅሽ ላብ በቅሎ እንዳይጠብቅሽ» እያለች ትስቅባታለች።

በሩ አልታይ ቢልዎት አይቸገሩ። እኔ እቆጥራለሁ። ገና ከአውቶቡሱ ሳይወርዱ ይሰሙኛል፤ በድምፄ ይምጡ።

ልጅዎ